እንቦሳ እሰሩ፦ የላሞች መውለጃ ወቅትና የከብታችን ታሪክ



በያመቱ በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር፣ ስለ ወርሃዊ መዋጮም ብዙ ይጻፋል። መጻፉም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ መወለድ ልጽፍ አሰብኩ። ስለ ሰው መወለድ አይደለም፤ ስለ ጥጃ መወለድ ነው። «የዕድር መጽሔትና ጥጃ ምን አገናኛቸው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግንኙነቱን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ አምና በክረምት የደረሰ ነገር ነው። ከአባሎቻችን አንዷ፣ ወተት ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት፣ ብቸኛ ላሟ በሌሊት ስታምጥ አድራ እሷም ጥጃዋም ሞቱባት። ማለዳ ሰው ሁሉ «እግዜር ይተካልሽ» እያለ አጽናናት። እኔም እንደ ሌላው ተናግሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን «ይተካልሽ ያልኳት በምንድን ነው? በማን በኩል ነው? በስንት ዓመት ነው?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። የዚህች አገር ከብት አንድ ጊዜ ጨርሶ አልቆ እንደገና የተተካ ከብት ነው። እንዴት እንደተተካ ብናውቅ ለጥያቄዬ መልስ ይገኛል ብዬ አመንኩ።

መጀመሪያ ከአንድ የታወቀ ምርቃት ልነሳ። አዲስ ቤት ሠርቶ የገባን ሰው ስንጠይቅ ደጃፉ ላይ «እንቦሳ እሰሩ!» እንላለን። ባለቤቱም «አሜን» ይላል። አባቶቻችን «ወርቅ ሰብስቡ» ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። «በሬ እሰሩ»ም አላሉም። እንቦሳ ገና ከማኅፀን የወጣ፣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ጥጃ ነው፤ አያርስም፣ አይታለብም፣ ለገበያም አይበቃም። ነገር ግን እንቦሳ የታሰረበት ቤት እናቲቱ አለች። እናቲቱ ካለች ወተትና ቅቤ አለ፤ ለምድጃው ኩበት፣ ለጓሮው ፍግ አለ። እንቦሳው ነገ ጊደር ወይም ወይፈን ይሆናል። ስለዚህ ምርቃቱ «ቤታችሁ የሚቀጥል ይሁን» ማለት ነው። የዛሬው የከተማ ልጅ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ «እንቦሳ እሰሩ» ሲል ምን እያለ እንደሆነ ላያስተውለው ይችላል። ቃሉ ግን ከብዙ መከራ የተረፈ ሕዝብ ቃል ነው።

አሁን ደግሞ የመውለጃ ወቅት በከብት እርባታ ውስጥ ምን እንደሚመስል ላላየው ሰው ልንገር።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የወተት ከብት እርባታ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራ ነበር። በዚያ ቤት ላሞቹ በብዛት የተጠቁት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ስለነበረ መውለጃቸውም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ ተደራረበ። ላም የምታረግዘው ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን፣ ትንሽም አለፍ ቢል ነው፤ በቀን ቢቆጠር ወደ 283 ቀን ይሆናል። በእኛ የቀን አቆጣጠር ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ ሠላሳ ስለሆነ ስሌቱ አያስቸግርም፤ ጥቅምት 15 ቀን የተጠቃች ላም በሐምሌ መጨረሻ ግድም ትወልዳለች።

በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ላም ወለደችብን። ውጭው ጭቃና ብርድ ነው። አንዷ ግቷ ተወጥሮ፣ የዳሌዋ ጅማት ላልቶ፣ ከመንጋው ተለይታ ጥግ ትይዛለች። ሌላዋ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ጭራዋን ታነሳለች፣ ወደ ጎኗ ዘወር ብላ ትመለከታለች። ከዚያ የሽርት ውሃው ይፈሳል። ጥጃው በደህና ከመጣ ሁለቱ የፊት እግሮች ይቀድማሉ፤ አፍንጫው በጉልበቶቹ ላይ ተጋድሞ ይከተላል። አንድ እግር ብቻ ብቅ ካለ ወይም ጭራው ከቀደመ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሐኪም መጥራት፣ ክንድን በሳሙና አጥቦ መግባት፣ ገመድ ማዘጋጀት ይመጣል። ከተወለደ በኋላም ሥራው አያልቅም። ከአፍና ከአፍንጫው ልጋጉን መጥረግ፣ እናቲቱ እንድትልሰው ፊቷ ማድረግ፣ እትብቱን አዮዲን መቀባት፣ የእንግዴ ልጁ በሰዓቱ መውጣቱን መጠበቅ አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት በሦስት ላሞች ላይ ሲደርስ አንድ ተረኛ ምን ያህል እንደሚራወጥ አስቡት።

ከእነዚህ ሌሊቶች ባንዱ አንዲት የመጀመሪያ ወላጅ ክልስ ጊደር ወለደች። ግቷ አብጦ ያማት ስለነበረ ጥጃው ሲጠጋ ትራገጣለች። ጥጃው ደከም ያለ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሌላ ላም ምጥ ይዟት ስለነበረ «ቆይቶ ራሱ ይጠባል» ብዬ ትቼው ሄድኩ። ሲነጋ ቆሞ አገኘሁትና ደስ አለኝ። በአሥረኛው ቀን ግን በተቅማጥ ሞተ። በእርባታው ያረጁ አንድ አላቢ ነበሩ፤ እኛ ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በተወለደ ሌሊት እንገር ቀምሷል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እሳቸውም አልተቆጡም፤ «እንግዲያማ የሞተው ያን ዕለት ነው፤ ዛሬ መውደቁ ነው እንጂ» አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ይህን አባባል ያኔ እንደ ሽማግሌ ምሳሌ ነበር የሰማሁት። ኋላ ግን እውነተኛ ሳይንስ ሆኖ አገኘሁት። የሰው ልጅ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ከእናቱ ደም በሽታ መከላከያ ይደርሰዋል። ጥጃ ግን አይደርሰውም፤ የላም የእንግዴ ልጅ ያንን መከላከያ አያሳልፍም። ጥጃ የሚወለደው ባዶ እጁን ነው። መከላከያውን የሚያገኘው በእንገር፣ ማለትም እናቱ ከወለደች በኋላ በመጀመሪያ በምትሰጠው ወፍራም ቢጫ ወተት ነው። የጥጃው አንጀት ይህን መከላከያ እንዳለ ወደ ደም የሚያስገባው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ውስጥ በሩ ይዘጋል። ስለዚህም ነው በመጀመሪያው ቀን የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል እንገር ይጠጣ የሚባለው። ከበሩ መዘጋት በኋላ የሚጠጣው እንገር ሆድ ይሞላ እንደሆነ እንጂ ከበሽታ አያድንም። እንገር የእናቲቱ ውርስ ነው፤ እሷ ታማ የዳነችበትን ሁሉ ለልጇ የምታወርስበት ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

ክረምት የመውለጃ ወቅት መሆኑ በእርባታ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በደጋው አገራችን ከጥንት ጀምሮ የሐበሻ ላም ኮርማ የምትፈልገው በብዛት ዝናሙ ካለቀ በኋላ፣ ግጦሹ ሲሞላና ገላዋ ሲመለስ ነው። እንዲህ ከሆነ ልጇ የሚወለደው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ጥጃው በጭቃና በብርድ ይፈተናል፤ እናቲቱ ግን በመስከረም ለምለም ሣር ስለምታገኝ ወተቷ ይበረክታል። በቦረና ቆላ ደግሞ ዋናው ዝናም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ መውለጃውም ወደዚያው ያዘነብላል። ከአገር አገር ወሩ ይለያይ እንጂ ሕጉ አንድ ነው፤ ላም የምትወልደው ሰማዩን ተከትላ ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

እ.ኤ.አ. በ1887 ግድም፣ በእኛ በ1880 ዓ.ም. ዋዜማ፣ የኢጣልያ ጦር በምፅዋ ወደብ ያስገባው ከብት አንድ በሽታ ይዞ መጣ። ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ከብቱ ከሕንድ የመጣ እንደነበረ ይጽፋሉ። በሽታው በአማርኛ «የደስታ በሽታ» ይባላል። ስሙን ያወጣ ሰው ክፉን ነገር በደግ ስም ለማባበል አስቦ ይሆናል፤ ደስታ ግን አልነበረበትም። የተያዘው ከብት ያተኩሰዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ያዠል፤ አፉ ውስጥ ይቆስላል፤ ከዚያ ብርቱ ተቅማጥ ይይዘውና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል። ያረገዙት ይጨነግፋሉ። በሽታው ቀድሞ ያልነበረበት አገር ሲገባ ከመቶው ከብት ዘጠናውን ያህል ሊፈጅ ይችላል። በኢትዮጵያም የሆነው ይኸው ነው። ከሰሜን ተነስቶ በሸዋ በኩል ወደ ደቡብ ወረደ፤ ከዚያም ወሰን ተሻግሮ ምሥራቅ አፍሪቃን አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1896 ደቡብ አፍሪቃ ደረሰ። የዱር ጎሽና አጋዘን እንኳ አልተረፈም።

ከከብቱ ጋር በሬው አለቀ፤ በሬው ሲያልቅ ማረሻ ቆመ። በዚያው ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ የቀረው በዚህ ነው። በመካከሉ አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ቆስለው አረፉ፤ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ነገሡ። ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡት በረቱ ባዶ በሆነ አገር ላይ ነበር ማለት ነው። በሬ የሌለው ገበሬ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ምሳሌ እንደሆኑ ተጽፏል። ሕዝቡም በዶማና በመቆፈሪያ እየጫረ ያገኘውን ዘራ።

ስለ ክፉ ቀን ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ሞቱት ነው። እኔ ግን የቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከብቱ እንዴት ተመለሰ?

አንባቢ ሆይ፣ እርሳስ ያዝና አብረን እናስላ። ክፉ ቀን ሲያልፍ አንድ ቤተሰብ ከመንጋው አንዲት ላም ብቻ ተረፈችለት እንበል። የሐበሻ ጊደር የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፤ ከዚያ በኋላም በሁለት ዓመት አንድ ብትወልድ ደህና ናት። ላሚቱ በአንደኛው ዓመት ሴት፣ በሦስተኛው ወንድ፣ በአምስተኛው ሴት፣ በሰባተኛው ወንድ እያለች ብትሄድ፣ የመጀመሪያይቱም ጊደር ከአምስተኛው ዓመት ጀምራ በወንድ ብትወልድ፣ ሁለት ለእርሻ የደረሱ ወይፈኖች አንድ ቀንበር ሥር የሚገቡት በዘጠነኛው ዓመት ነው። ሁለቱ የመጀመሪያ ልጆች ወንዶች ቢሆኑ በሰባት ዓመት ጥማድ ይገኛል፤ ግን ያን ጊዜ ጊደር የለም። ይህ ሁሉ አንድም ሳይሞት፣ አንድም ሳይታረድ፣ አንድም ሳይሸጥ ነው። አንድ እንቦሳ በመጀመሪያው ሌሊት እንገር ሳይቀምስ ቢቀር ደግሞ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ነው።

እንግዲህ ከአንዲት ላም አንድ ጥማድ በሬ ዘጠኝ ዓመት! የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው ክፉ ቀን ባለፈ በአራተኛው ዓመት ግድም ነው። በዚህ ስሌት ከሄድን ያን ቀን አድዋ ላይ የቆመው ገበሬ ብዙው በቤቱ ያለው ጥማድ በሬ ሳይሆን ወይፈንና ጥጃ ነበር ማለት ይቻላል። ስለ ጠመንጃውና ስለ ጎራዴው ብዙ ተነግሯል። ቤት ቀርታ በሌሊት ተነስታ ላም ታዋልድ ስለነበረችው ሴት ግን አልተነገረም።

ከብቱ የተመለሰበት መንገድ ሲጠና አራት ያህል ሆኖ ይታየኛል።

አንደኛው ከላይ የጠቀስኩት እንገር ነው። በደስታ በሽታ ተይዞ የዳነ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ዳግመኛ አይያዝም። እንዲህ ያለችው ላም ስትወልድ ልጇ ባዶ እጁን ይወለዳል፤ ነገር ግን እንገሯን በጊዜው ከጠባ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከበሽታው ይጠበቃል። መከራዋን ያለፈች እናት ለልጇ ጥላ ትሆነዋለች። እረኞቻችን የምክንያቱን ስም ባያውቁትም እንቦሳው መጀመሪያ እንገር እንዲቀምስ ይጠብቁ ነበር፤ ለሰው የሚፈላው ከእንቦሳው የተረፈው ነው።

ሁለተኛው ርቢ ነው። ላም ያለው ላም ለሌለው ጊደሩን ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያረባል፣ ወተቷንና ፍጓን ይጠቀማል፣ የምትወልደውን እንደ ውላቸው ይካፈላሉ። ውሉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። ባለ ከብቱ ግጦሽና ጉልበት ያገኛል፤ ድሀው ደግሞ ያለ ገንዘብ የራሱን እንቦሳ ያስራል። ርቢ ልመና አይደለም፤ ስጦታም አይደለም። ሁለቱም የሚጠብቁት ያችኑ የመውለጃ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ይጠነቀቃሉ።

ሦስተኛው የቦረናዎች ቡሳ ጎኖፋ ነው። በቦረና ሥርዓት አንድ ሰው በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በወረራ ከብቱ ሲያልቅበት ጎሣው ይሰበሰብና እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ከብት አዋጥቶ እንደገና በረት ያቆምለታል። ዕድር ብዬ ልጥራው እንዴ? የእኛ ዕድር ሰው ሲሞት ይሰበሰባል፤ የእነሱ ደግሞ ሰው ቆሞ ሳለ ኑሮው ሲሞትበት ይሰበሰባል። የሚያዋጡት ብር አይደለም፤ የምትወልድ ናት።

አራተኛውን መደበቅ ታሪክ ጸሐፊነት አይደለም። ከብት በጉልበትም ተተክቷል። በ1887 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) በወላይታ ላይ በተደረገው ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ከማለቁም ሌላ እጅግ ብዙ ከብት ተማርኮ ወደ ሰሜን ተነዳ። የአንዱ በረት የሞላው የሌላው በረት ተራቁቶ ነው። ላሟ የተነዳችበት የወላይታ ገበሬም እንደ ሸዋው ገበሬ የራሱን ስሌት ከአንድ ጀምሮ ማስላት ነበረበት። አገር ሲቆጠር ከብቱ አልበዛም፤ ባለቤቱን ነው የለወጠው። ለአገር ከብት የሚጨምረው የሚወለደው ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ዓይነት እንቦሳ ይዞ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ግድም፣ ኡንራ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 ያህል ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ የተባሉ የወተት ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። በአዲስ አበባ ሾላ ላይ የወተት ሥራ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ካዱ የሚለው፣ ክልስ ጊደሮችን ለገበሬው ማከፋፈል ጀመረ። በሆለታ ምርምርም ቦረናን፣ ሆሮንና ባርካን ከውጭ ዝርያዎች ጋር እያዳቀሉ ውጤቱን መዘገቡ።

«የፈረንጅ ላም» ወተቷ ብዙ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። የሐበሻ ላም በቀን አንድ ወይም ሁለት ሊትር ስትሰጥ ክልሷ ብዙ እጥፍ ትሰጣለች። ነገር ግን የመውለጃው ሌሊት ከበደ። የሐበሻ እንቦሳ ሲወለድ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቢመዝን ንጹሕ ፍሪዥያን 40 ኪሎ ይደርሳል። አጥንቷ ትንሽ የሆነች ጊደር ከትልቅ ኮርማ ዘር ስታረግዝ ምጡ ይጠናባታል። ብዙ ወተት ያላት ላም ደግሞ በወለደች ማግሥት ከደሟ ካልሲየም ጎድሎባት እግሯ ይከዳታል፤ በቶሎ በመርፌ ካልታከመች ትሞታለች። የሐበሻ ላም ጫካ ገብታ ብቻዋን ወልዳ ጥጃዋን አስከትላ ትመለስ ነበር። የፈረንጅ ላም ግን ሰው ትፈልጋለች፤ ባትሪ የያዘ፣ የነቃ፣ የሚያውቅ ሰው።

የደስታ በሽታስ? እሱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እየተመላለሰ ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ግድም ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ውስጥ አስተማማኝ ክትባት ሠራ። በእኛም አገር በደብረ ዘይት ክትባት የሚያመርት ተቋም ተቋቁሞ ብዙ ሚሊዮን ከብት ተከተበ። ችግሩ ክትባቱ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በረሃ ውስጥ ይበላሽ ነበር። ኋላ ሙቀት የሚችለው ዓይነት ሲገኝ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በአፋር ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል ሰዎች ሠልጥነው መኪና በማይደርስበት እየገቡ ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የበሽታ ክሥተት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በ2008 አገራችን ከበሽታው ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወቀ፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ፈጽሞ ያጠፋው በሽታ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ የሰው ፈንጣጣ፣ ሁለተኛው ይኸው የደስታ በሽታ። ያን ዕለት ስንቶቻችን ሰማን? በመቶ ሃያ ዓመት በፊት አያቶቻችንን ያስቆፈረ ጠላት ሲቀበር የለቀስተኛ ድንኳን ይቅርና የዜና ሰዓት እንኳ ብዙ አልተሰጠውም።

በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የስታትስቲክስ ቆጠራ ግምት የአገራችን ከብት ወደ 70 ሚሊዮን ደርሷል፤ በአፍሪቃ በብዛቱ የሚበልጠን የለም። ይህ ቁጥር በመርከብ ተጭኖ አልመጣም። ሦስት መቶዋ የፈረንጅ ላም ድርሻዋ የራሷ ሆኖ፣ የቀረው ሁሉ ከክፉ ቀን ከተረፉት ጥቂት ላሞች ሌሊት በሌሊት፣ እንቦሳ በእንቦሳ የተወለደ ነው።

እንግዲህ ወደ ዕድራችን ልመለስ።

አምና ላሟ ለሞተባት እኅታችን ዕድሩ ምንም አላደረገም። በደንባችን መሠረት ማድረግም አይገባውም ነበር፤ ደንቡ የሰውን ሞት እንጂ የላምን ሞት አያውቅም። እኔም ለቀብር የተመደበው ገንዘብ ይነካ አልልም። ያ ገንዘብ የእያንዳንዳችን የመጨረሻ ክብር ነው፤ ይቀመጥ። ነገር ግን ይህች እናት በዚያች ሌሊት ከምጥ ጋር ብቻዋን ነበረች። አራት ቤት አልፎ እኔ ተኝቻለሁ። በ1978 ዓ.ም. የተማርኩትን ይዤ ተኝቻለሁ። ብትጠራኝ እሄድ ነበር፤ ግን ማን ይጥራኝ? የዕድራችን ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር እንዲታሰብ በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከአባሎቻችን ላም ያላቸው መውለጃዋ ሲቀርብ ለጎረቤት ይንገሩ፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ በየመንደሩ ሁለት ሁለት ሰው ተራ ገብቶ ቢጠሩት የሚነሳ ይሁን። ይህ ሳንቲም አያስወጣም፤ እንቅልፍ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በግቢያችን ላም የምናረባ ጥቂት ሰዎች ከሚወለዱልን ጊደሮች አንዳንዷን በርቢ ውል ላሙ ለሞተበት አባል ብንሰጥ። እኔ በበኩሌ በግቢዬ ዘንድሮ የተወለደች አንዲት ጊደር አለችኝ፤ ጡት ስትጥል ለዚያች እኅታችን በርቢ ለመስጠት ለዕድሩ ዳኛ ቃል ገብቻለሁ። የመጀመሪያው ልጅ የእሷ ነው፤ ሁለተኛው የእኔ። አንድ ቀን ካልኖርኩ ደግሞ የልጆቼ።

ወጣቶች ይስቁብን ይሆናል። «በዚህ ዘመን ጥጃ?» ይሉን ይሆናል። ይሳቁ። እኛ ግን «እግዜር ይተካልሽ» ስንል እግዜር የሚተካው በሰው እጅ መሆኑን ከአያቶቻችን ታሪክ አይተናል። በዘጠኝ ዓመት አንድ ጥማድ በሬ ጠብቀው ያገኙ ሰዎች ልጆች ነን።

የደኅና ዓመት ያድርግልን። እንቦሳ እሰሩ።